ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ

ወንድሜ፣ «ገና የገጣጠምኩት ኮምፒውተር ፋኑ ይዞራል፣ ሞኒተሩ ግን ምንም አያሳይም» ላልከው፣ ዕቃውን በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ከመመለስህ በፊት ኬብሉን የት እንደሰካኸው እይ። ፕሮሰሰሬ 12400ኤፍ ነው ብለሃል። መጨረሻው «ኤፍ» የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ (ምስል የሚያወጣ ክፍል) የለውም። ስለዚህ ወደ ሞኒተሩ የሚሄደውን የኤችዲኤምአይ ኬብል ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ከሰካኸው እስከ ነገ ብትጠብቅ ምስል አይመጣም። ለብቻው በተገጠመው ግራፊክስ ካርድ ላይ ሰካው። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር የመጀመሪያዬን ስገጣጥም ግማሽ ቀን የበላችኝ ይቺው ነበረች።

ካልሆነ ራሙን (ጊዜያዊ ሜሞሪውን) ጠርጥር። አንዱን ራም ብቻ ትተህ ሌላውን አውጣ፤ ማዘርቦርዱ አራት የራም ቦታ ካለው ከፕሮሰሰሩ ቆጥረህ ሁለተኛው ላይ ቀጭ እስኪል ተጫነው። ራሙ ዲዲአር5 የሚባለው ዓይነት ከሆነ መጀመሪያ ሲነሳ ጥቂት ደቂቃ ጨለማ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ቶሎ አታጥፋው።

የፕሮሰሰሩን ባለ 8 ፒን የኃይል ገመድና የግራፊክስ ካርዱንም ገመድ በደንብ መሰካታቸውን እይ።

ስትነካካ ግን ገመዱን ከሶኬት ንቀል። «መብራት ጠፍቷል» ብለህ እንዳትተማመን፤ የኛ ከተማ መብራት እጅህ ውስጥ እያለ ነው የሚመጣው።

ማዘርቦርዱ ላይ ሲፒዩ (ፕሮሰሰር)፣ ድራም (ራም)፣ ቪጂኤ (ግራፊክስ) የሚሉ ትንንሽ መብራቶች ካሉ፣ የትኛው በርቶ እንደቀረ ጻፍልኝ።