የመጀመሪያ አፊሊየት ድረ ገጻችሁ ስለ ምን ይሁን? ጥያቄና መልስ

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የሌሎች መደብሮችን ዕቃ በድረ ገጼ አስተዋውቃለሁ፤ አንባቢ በእኔ ሊንክ ገብቶ ሲገዛ ከሽያጩ ኮሚሽን ይከፈለኛል። አፊሊየት ማርኬቲንግ የሚባለው ይህ ሥራ ሰባት ዓመት ሆነኝ። «ስለ ምን ልጻፍ?» የሚለው ጥያቄ በየሳምንቱ ይደርሰኛልና ዛሬ የላካችሁልኝን በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከሁሉም የበለጠ ኮሚሽን የሚከፍለው ዘርፍ የትኛው ነው? በእሱ ልጀምር አስቤያለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኢንሹራንስ፣ ክሬዲት ካርድና ብድር ከፍ ያለ ይከፍላሉ። ነገር ግን እዚያ የሚጠብቁህ ባለሙያ ቀጥረው የሚያጽፉ ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው። ጉግልም ገንዘብንና ጤናን የሚመለከቱ ገጾችን ከሌላው በጠበቀ ሚዛን ነው የሚመዝናቸው።

እኔም የጀመርሁት የኮሚሽን ሠንጠረዥ አይቼ ነበር። የመጀመሪያው ድረ ገጼ ስለ መሮጫ ማሽን ነው፤ በሕይወቴ አንዱም ላይ ወጥቼ አላውቅም። ከአምራቾች መግለጫ እየቀዳሁ አርባ ጽሑፍ አዘጋጀሁ። አንድ ቀን አንዲት አንባቢ «የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ድምፁ ታች ላሉት ጎረቤቶቼ ይሰማል?» ብላ ጻፈችልኝ። የምመልስላት ነገር አልነበረኝም። አርባውንም ጽሑፍ መልሼ አነበብሁ፤ ገንዘቡን በእጁ ይዞ ለሚያመነታ ሰው የሚጠቅም አንድ መስመር አጣሁ። በአሥራ አራተኛው ወር ዘጋሁት።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ታዲያ ከዚያ በኋላ ምን መረጡ?

መልስ፦ ምጣድ፣ እህቴ። በአሜሪካ ቤት ውስጥ እንጀራ መጋገር።

የዚህ አገር ምድጃ ትልቁ ማብሰያው እንኳ ለሙሉ እንጀራ አይበቃም። ስለዚህ ብዙ ወገኖቻችን ኖርዌጂያውያን ሌፍሰ የሚባለውን ቂጣቸውን የሚጋግሩበትን፣ አይዋ ክፍለ ግዛት ክሬስኮ በምትባል ከተማ ሲሠራ የኖረውን ባለ 16 ኢንች የኤሌክትሪክ ምጣድ ይገዛሉ። በተለይ ለእንጀራ ተብለው የተሠሩም አሉ። ገዢው ምን እንደሚጨንቀው አውቃለሁ፤ እኔንም አስጨንቆኛልና። የማያጣብቅ ሽፋን ያለው ይሻላል ወይስ ባዶ አሉሚኒየሙ? አክንባሎ የሚሆነውን ክዳን ከየት ላምጣ? ማይክሮዌቩ ካለበት መስመር ላይ ብሰካው መብራት ያጠፋብኛል? እንጀራው ዓይን እምቢ ያለው በሊጡ ነው በሙቀቱ?

ለዚህ ለመጨረሻው አንድ ቅዳሜ ሙሉ ቆምሁበት። ከአንድ ሊጥ በ350፣ በ400 እና በ450 ዲግሪ ፋራናይት ጋገርሁና የሦስቱን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀመጥሁ። በ350 የተጋገረው ዓይኑ ሳይከፈት ደርቆ ምጣዱ ላይ ተለጠፈ። ሰው እስከ ዛሬ በብዛት የሚገባው በዚያ አንድ ጽሑፍ ነው። ምጣድ የገዛም የማቡኪያ ባልዲ፣ ሰፌድና አይዳሆ ውስጥ የሚመረት የጤፍ ዱቄት ይፈልጋል፤ ርዕሱ ራሱ ሌላ ርዕስ ይወልዳል።

ጥያቄ (ከነታንያ፣ እስራኤል)፦ በአማርኛ ብጽፍ አይሻልም?

መልስ፦ ገዢው የሚፈልግበት ቋንቋ ይወስነዋል። የእኔ አንባቢዎች ብዙዎቹ እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን፣ የኢትዮጵያ ልጆችን በጉዲፈቻ ያሳደጉ አሜሪካውያንና በስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን የማይስማማቸው ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። አማርኛ ሌላም ፈተና አለው። አንዱ «ፀጉር» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ጸጉር»፣ ሦስተኛው በላቲን ፊደል ይጽፈዋል። አንቺ ዕብራይስጥ የምትጽፊ ከሆነ ወደ እስራኤል ዕቃ የሚልኩ መደብሮችን መርጠሽ በዚያ ብትጀምሪ እመክራለሁ። አማርኛውን ለቪዲዮ አቆዪው፤ ወገኖቻችን እዚያ ያዳምጡሻል።

ጥያቄ፦ ርዕሴ በጣም ጠባብ ወይም በጣም ሰፊ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ኢንተርኔት ሳትከፍት ወረቀት ላይ ገዢ የሚጠይቃቸውን አርባ ጥያቄዎች ጻፍ። አሥራ አምስት ላይ ከቆምህ ርዕሱ ጠቧል፣ ወይም ገና አላወቅኸውም። ከዚያ እያንዳንዱን ጉግል ላይ ፈልግ። መጀመሪያ የሚመጡት ትልልቅ መጽሔቶችና መደብሮች ብቻ ከሆኑ እለፈው። ያረጀ ቪዲዮ ወይም ግማሽ መልስ የሰጠ ሰው ካገኘህ በሩ ክፍት ነው፤ ምልክት አድርግበት። አንድ ቃል በየጊዜው ምን ያህል እንደተፈለገ በሚያሳየው በጉግል ትሬንድስ ላይም የአምስት ዓመቱን ተመልከት፤ በዓመት ሁለት ወር ብቻ የሚፈለግ ዕቃ ቀሪውን አሥር ወር ያስርብሃል።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ የክብደት መቀነሻ ሻይና የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚባል ቅጠል በደንብ ይሸጣል። በዚያ ብጀምርስ?

መልስ፦ እባክሽ አትጀምሪ። የሚያነብሽ ሰው የሐኪም ኪኒኑን አቁሞ ቅጠሉን ሊጠጣ ይችላል። የኮሚሽኑ መጠን ምንም ያህል ቢሆን በዚህ ላይ የምመክርሽ ሌላ ነገር የለኝም። ቤት ውስጥ በየቀኑ የምትሠሪበትን ዕቃ አስቢ፤ የሩዝ ማብሰያው፣ መጥበሻው፣ የሕፃኑ ጋሪ። ስለ እነሱ ከማንም የበለጠ ታውቂያለሽ።

ጥያቄ፦ በእውነት ስንት ይገኛል?

መልስ፦ ሒሳቡን ሥሩት። አማዞን ለወጥ ቤት ዕቃ 4.5 በመቶ ይከፍላል፤ 150 ዶላር ከሚያወጣ ምጣድ 6 ዶላር ከ75 ሳንቲም ማለት ነው። ለምግብ 1 በመቶ ስለሆነ የ30 ዶላር ጤፍ የሚያስገኘው 30 ሳንቲም ነው። አንባቢው ሊንኩን ከነካ በኋላ ኮሚሽን የሚታሰብላችሁ ጊዜ 24 ሰዓት ነው፤ በዚያ ውስጥ ዕቃውን ቅርጫት ካስገባ እስከ 90 ቀን ይቆጠርላችኋል። አማዞን ላይ አፊሊየት ሆናችሁ ከተመዘገባችሁ በኋላ በ180 ቀን ውስጥ ሦስት ሽያጭ ካልተገኘ የከፈታችሁት የአባልነት ሂሳብ ይዘጋል፤ ስለዚህ ጽሑፎቹ ሳይደራጁ አትመዝገቡ። ክፍያው በአንድ ቀን ሊቀየር እንደሚችልም አትርሱ፤ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 የቤት ዕቃ ከ8 ወደ 3 በመቶ ወርዷል። ርዕሳችሁ ከአንድ መደብር በላይ የሚሸጠው ይሁን የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ውጭ የሚሸጠውን ዕቃ በእጄ ሳልነካ እንዴት ልጽፍ እችላለሁ?

መልስ፦ ጥያቄዎ ትክክል ነው፤ ያልነኩትን አይጻፉ። ለእርስዎ የሚስማማው የትም ቦታ አንድ ዓይነት የሆነ ነገር ነው፦ የሒሳብ አያያዝ ሶፍትዌር፣ የኤክሴል ትምህርት። አዲስ አበባ ተቀምጠው ሞክረው፣ የስክሪኑን ፎቶ አንስተው፣ የት ላይ እንደሚያስቸግር ማሳየት ይችላሉ። ብዙዎቹ የሙከራ ጊዜ አላቸው፤ አንዳንዶቹም ደንበኛው እስካለ ድረስ በየወሩ ኮሚሽን ይከፍላሉ። ከመመዝገብዎ በፊት ግን ክፍያው ወደ ኢትዮጵያ በምን መንገድ እንደሚደርስ ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ።

ጥያቄ፦ ከሊንኩ እንደምጠቀም መናገር አለብኝ?

መልስ፦ አዎን፣ በግልጽና ከሊንኩ አጠገብ። የአሜሪካ ንግድ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ያስገድዳል፣ አማዞንም ያስገድዳል። በራሳችሁ ሊንክ ለራሳችሁ መግዛትም ክልክል ነው።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ አሥራ ሁለት ዓመት የሐበሻ ቀሚስ ሰፍቻለሁ። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው የለም። ይህ ርዕስ ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬ ከመጡልኝ ሁሉ በጣም ደስ ያለኝ ይህ ነው። ድረ ገጹን መክፈት በሁለት ቅዳሜ ይለመዳል፤ አሥራ ሁለቱን ዓመት ግን ማንም ሊገዛው አይችልም። ስስ የሽመና ጨርቅ የማይቀድደው መርፌ ስንት ቁጥር ነው? ጥበቡ ሲደራረብ ሳይዘል የሚሰፋው የትኛው ማሽን ነው? ጠርዙ እንዳይሸበሸብ ክሩን ምን ያህል ታላዪዋለሽ? ከመርፌው ጀምሪ። አንድ ቁራጭ ጨርቅ ላይ በሦስት ዓይነት መርፌ ሰፍተሽ፣ ፎቶውን ከቅርብ አንስተሽ፣ የሆነውን እንዳለ ጻፊው። ሲያልቅ ላኪልኝ፤ አነብልሻለሁ።