ፖድካስቴ ለምን ይከብዳል?

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ ትምህርት በፖድካስት አዘጋጃለሁ። ጽሑፌን አንብቤ ነው የምቀዳው። አድማጮች ግን "ይከብዳል" ይሉኛል። ከጓደኛዬ ጋር እያወራን ብናቀርበው ይሻላል?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ ይሻላል። ፈላስፋው ፖል ግራይስ እ.ኤ.አ. በ1975 ጥሩ ጭውውት አራት ነገር ይፈልጋል ብሏል፤ ልክ የሚበቃውን ያህል መናገር፣ እውነት መናገር፣ ከጉዳዩ አለመውጣት፣ ግልጽ መሆን። ላንቺ ዋናው የመጀመሪያው ይመስለኛል፤ አድማጭ እንደ አንባቢ ዓይኑን መለስ አድርጎ ያለፈውን መስመር አያይም፣ ስለዚህ አምስት አዲስ ቃል በአንድ ትንፋሽ ከደረደርሽበት ሁሉም ያመልጡታል። አንድ ሐሳብ፣ አንድ ምሳሌ፣ ከዚያ ትንሽ ፋታ። ጓደኛሽም ዝም ብላ "እሺ፣ እሺ" አትበል፤ አድማጩ ሊጠይቅ የሚፈልገውን ትጠይቅ፣ ካልገባት በግልጽ ታስቁምሽ።