ከኒውክሌሩ ክርክር በፊት ቆጣሪህን እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። «የመብራት ሂሳቤ በአንድ ዓመት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። አንዱ ጥፋቱ የንፋስና የሶላር ነው ይለኛል፣ ሌላው ኒውክሌር ቢገነባ ይረክስ ነበር ይላል፤ ጣሪያዬ ላይ ሶላር ላስተክል ወይ?» ነው ያልከው። እነዚህ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። እኔም አደባልቄያቸው ብዙ ከርሜአለሁ።

ሂሳቤ ሲያሻቅብ መጀመሪያ የተናደድኩት በታሪፉ ነበር። በኋላ የሁለት ዓመት ደረሰኞች ጎን ለጎን ዘርግቼ፣ ገንዘቡን ትቼ ኪሎዋት ሰዓቱን ብቻ ሳነጻጽር ታሪፉ ብቻ ሳይሆን ፍጆታውም በሲሶ ጨምሯል። ቤት የገባ አዲስ ዕቃ ደግሞ የለም።

አንድ ማታ ከቦይለሩ በስተቀር ሁሉንም አጥፍቼ፣ ፍሪጁን ሳይቀር ነቅዬ ቆጣሪው ፊት ቆምኩ። ሙቅ ውሃ የሚጠቀም ሰው ስለሌለ ቦይለሩ ምን ያደርጋል ብዬ ነው። ብዙ ዲጂታል ቆጣሪዎች ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች፤ አጠገቧ 1000 ኢምፕ የሚል ካለ፣ ሺህ ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሄደ ማለት ነው። 3.6ን በሁለት ብልጭታ መካከል ባለው ሰከንድ ስታካፍል፣ ቤቱ በዚያች ቅጽበት ስንት ኪሎዋት እንደሚስብ ታውቃለህ። ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለች። ሰልችቶኝ ልገባ ስል ድንገት በየሁለት ሰከንዱ ገደማ ትጠቅሰኝ ጀመር። ወደ 2 ኪሎዋት መሆኑ ነው!

ማንም የማይገባበት የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የሙቅ ውሃው ቧንቧ ስስ ክር ሆኖ ይፈሳል። ባለ 20 ሊትር ባልዲ ደቅኜ ተኛሁ፤ ጠዋት ሞልቶ ጠበቀኝ። በቀን 50 ሊትር ያህል ነው፤ ይህን ውሃ በ40 ዲግሪ ለማሞቅ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በወር 70 ገደማ መሆኑ ነው። ያረጀች አንዲት የጎማ ዋሸር ስቀይር ቆመ። ያን ሁሉ ጊዜ ልጆቹን «አምፖል አጥፉ» እያልኩ ስጮህ ነበር፤ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ቀንና ሌሊት በርቶ የሚፈጀውን ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ ሰባት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ይጨርሰዋል። ታሪፉ በእርከን ከሆነ ደግሞ ትንሽ ጭማሪ ወደ ውዱ እርከን ያሻግርሃል።

ወደ ክርክሩ ልምጣ። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ አውሮፓ ውስጥ ጋዝ ሲወደድ መብራቱም አብሮ ናረ፤ በጅምላ ገበያው ለሁሉም ዋጋ የሚቆርጠው ፍላጎቱን ለመሙላት በመጨረሻ የሚጠራው ውዱ ጣቢያ፣ ብዙ ጊዜም የጋዙ፣ ስለሆነ፣ የንፋሱም ኃይል በጋዝ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ሁሉንም በንፋስና በሶላር ማላከክ አይሆንም። «ፀሐይ ነፃ ናት» የሚሉትም ግን ግማሹን ይደብቃሉ፦ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ምድጃ በሚለኩስበት ምሽት ፀሐይ የለችም። ባትሪው፣ ተጠባባቂ ጣቢያውና አዲሱ መስመር ሁሉ ተጠቃሚው ላይ ያርፋሉ።

ኒውክሌር ሌት ተቀን ይሠራል፣ ጭስ የለውም። አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ በ2023 እና በ2024 ሥራ የጀመሩት ሁለት አዳዲስ የቮግትል ኒውክሌር ጣቢያ ሪአክተሮች ግን ወደ 14 ቢሊዮን ዶላር ተገምተው ከ30 ቢሊዮን በላይ ወሰዱ፣ ሰባት ዓመትም ዘገዩ። ጀርመን በሚያዝያ 2023 የመጨረሻዎቹን ሦስት የኒውክሌር ጣቢያዎቿን እንደዘጋችው፣ ተገንብቶ የሚሠራን ጣቢያ መዝጋት ለእኔ ብክነት ነው። አዲስ ተገንብቶ ያንተን ቢል በቅርቡ ያረክሳል ማለት ግን ተረት ነው።

ሶላሩን በተመለከተ፣ የሚወስነው ቀን ቀን ምን ያህል ትጠቀማለህ የሚለው ነው። እኔ ሶላር ሳስተክል ባትሪ ሳልገዛ ቦይለሩ ላይ ታይመር አስገጥሜ እኩለ ቀን ላይ ብቻ እንዲሞቅ አደረግኩ፤ ሙቅ ውሃው ራሱ ባትሪ ሆነልኝ። አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅ ቀርቼ ተጸጽቻለሁ፦ ከመስመሩ ጋር የተገናኘ ተራ ኢንቨርተር (የፓነሉን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ እንዲስማማ የሚቀይረው መሣሪያ) መብራት ሲጠፋ ፀሐይ እያለም አብሮ ይጠፋል፤ መስመር ላይ ያሉ ሠራተኞችን ኤሌክትሪክ እንዳይዛቸው ሆን ተብሎ ነው። ሻጩም አልነገረኝ።

አሁን ደረሰኞችህን አውጣና የሁለቱን ዓመት ኪሎዋት ሰዓት እዚሁ ጻፍልን። ታሪፉ ነው ፍጆታው የጨመረው? እሱን ካየን በኋላ ስንት ፓነል እንደሚበቃህ አብረን እናሰላለን።