መልስ፦ አንድ የአዋሽ ሜዳ ላይ ያሉ ሁለት ማሳዎች አፈራቸው ለምን ተለያየ?

ሽንኩርቱን ወንዙ አጠገብ ባለው ማሳ ላይ ትከል፤ ራቅ ያለውን ጥቁሩን ለጥጥ ተወው። ሁለቱም አዋሽ ያመጣው አፈር ሆኖ ሳለ አንዱ ልል፣ ሌላው የሚሰነጣጠቅ ለምን ሆነ ላልከው፣ የለያያቸው የጎርፉ ፍጥነት ነው።

ወንዙ ሞልቶ ሲወጣ ጉልበቱ ወዲያው ይደክማል። አሸዋውንና ሻካራውን ደለል እዚያው ዳር ይጥላል፤ ይህ በየዓመቱ እየተደራረበ ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ ከፍ ያለ ጠርዝ ይሠራል። ልብ ብለህ ካየህ፣ ከወንዙ ስትርቅ መሬቱ በትንሹ ያዘቀዝቃል። የቀረው ውሃ እዚያ ዝቅታ ላይ ተኝቶ ደቃቁን ሸክላ ቀስ እያለ ያዘቅጣል። መረሬህ፣ ማለትም ጥቁሩ የሸክላ አፈርህ፣ ያ ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የሽንኩርት ሥር አጭር ስለሆነ ውሃ ሲተኛበት ቶሎ ይበሰብሳል።

አፈሩ የት ላይ እንደሚለወጥ ለማወቅ በየሃምሳ እርምጃው ከአንድ ክንድ ጥልቀት አፈር አውጣና አርጥበህ በመዳፍህ አድቦልብለው። ሳይበጠስ እንደ ክር ከተሳበ ሸክላ ነው፤ ከተቆራረጠ ደለል ወይም አሸዋ ይበዛዋል። ወንዙ ድሮ የሄደበት መስመር ካለ ማሳው መሃል ላይ ድንገት ሊለወጥብህ ይችላል።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ውሃ አታብዛ። አፋር ውስጥ፣ አዋሽ ዳር ባለችው አሚባራ ላይ በቂ የውሃ ማንጣፈፊያ ቦይ በሌለበት በመስኖ ብዛት የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ መጥቶ ሰፊ የጥጥ መሬት በጨው ተበላሽቷል። እኔ ማንኛውም ማሳ ላይ መጀመሪያ የማየው የመደቡን አናት ነው። እዚያ ነጭ ቅርፊት ካየህ ሽንኩርት ጨው ስለማይችል፣ ዘር ከመግዛትህ በፊት አፈሩን ላቦራቶሪ አስመርምር።