ከደሞዙ በፊት ስለ ቦታው ጠይቂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ ራሴ የጻፍኩት መሰለኝ። ልጅሽ አስራ አንደኛ ክፍል ነው፣ አንድ ማይል በ4 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ይሮጣል፣ የአሜሪካ ኮሌጅ ኮቾች ኢሜይል መላክ ጀምረዋል። «አሁን ኮሌጅ ለስፖርተኛ ደሞዝ ይከፍላል ይሉኛል፤ እውነት ነው? ለልጄስ ይደርሰዋል?» ነው ያልሽው። እውነት ነው። ግን ለሯጭ ገንዘቡ ብዙም አይደርሰውም። የሚደርሰው የገንዘቡ ጣጣ ነው። በእኛ ቤት የሆነውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ድሮ የኮሌጅ ስፖርተኛ ትምህርቱና ኑሮው ከሚሸፈንለት ውጪ በስሙ አንድ ዶላር ማግኘት አይፈቀድለትም ነበር። ከጁላይ 2021 ጀምሮ በስሙና በፎቶው ማስታወቂያ እየሰራ እንዲከፈለው ተፈቀደ። ኤንአይኤል የሚሉት ይሄ ነው። ትልቁ ለውጥ የመጣው በጁን 2025 ነው። ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ስፖርተኞች የኮሌጅ ስፖርትን በሚያስተዳድረው ማኅበር በኤንሲኤኤ ላይ ያቀረቡት ክስ ያለቀበትን ስምምነት አጸደቁ። ከጁላይ 1 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው በቀጥታ መክፈል ቻሉ። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ትምህርት ቤት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ላለፉት ዓመታት ደግሞ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ካሳ በ10 ዓመት ተከፍሎ ያልቃል።

እኔ ይሄ ለልጆቹ ይገባቸዋል ባይ ነኝ። ስታዲየሙን የሚሞሉት እነሱ ናቸው። ኮቹ ሚሊዮኖች እየወሰደ ጉልበቱ የተበጠሰው ልጅ ባዶ እጁን ቤቱ የሚገባበት ዘመን በማለፉ ከልቤ ደስ ብሎኛል።

ግን ያ ገንዘብ ከሰማይ አይወርድም። አብዛኛው የሚሄደው የቴሌቪዥን ገንዘብ ወደሚያመጡት ወደ አሜሪካን ፉትቦልና ወደ ወንዶች ባስኬትቦል ነው። የካሳው ዋና ክፍል ራሱ ሲከፋፈል 75 በመቶ ገደማው ለፉትቦል፣ 15 በመቶ ገደማው ለወንዶች ባስኬትቦል ነው የተመደበው። ሩጫ፣ ዋና፣ ትግል፣ ቴኒስ ቲኬት አይሸጡም። እና የስፖርት ክፍሉ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ ዓይን የሚጣልባቸው እነሱ ናቸው።

ደግሞ ስምምነቱ የቡድን ቁጥር ገደብ ይዞ መጣ፤ ሮስተር ሊሚት ይሉታል። ድሮ ገደቡ በስኮላርሺፕ ላይ ነበር። በዲቪዥን ዋን (ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) የወንዶች ክሮስ ካንትሪ (አገር አቋራጭ ሩጫ) እና ትራክ አንድ ላይ 12.6 ስኮላርሺፕ ነበራቸው። ኮቹ እሱን እየቆራረሰ ያካፍላል፤ ያልደረሰው ልጅ በራሱ ወጪ እየተማረ ከቡድኑ ጋር ይሮጣል። ዎክ ኦን የሚባለው እሱ ነው። አሁን ስምምነቱን በተቀበሉ ትምህርት ቤቶች የስኮላርሺፕ ገደቡ ቀርቶ የሰው ቁጥር ተገደበ፤ ለክሮስ ካንትሪ 17፣ ለትራክ 45። በወረቀት ሲታይ ሁሉም ሙሉ ስኮላርሺፕ ሊያገኝ ይችላል። ነገር ግን ለሩጫ ያን ያህል ብር የሚያወጣ ትምህርት ቤት ጥቂት ነው። በሩ የተዘጋው በዎክ ኦኑ ልጅ ላይ ነው።

የኔ ልጅ ዎክ ኦን ነበር። በ2023 ገባ። ኮቹ «ሦስተኛ ዓመት ላይ የሆነ ነገር እናደርግልሃለን» ብሎት ነበር፤ በቃል። ልጁም አመነ፣ እኛም አመንን። በማርች 2025 አንድ በአንድ ቢሮ ጠሯቸው። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም አለኝ። «ያጠፋኸው ነገር የለም፤ ቁጥሩ ነው» ተባለ። በዚያ ሳምንት መጨረሻ ቤት ሲመጣ የሎከሩን ዕቃ በጥቁር የቆሻሻ ፕላስቲክ አድርጎ ነበር የያዘው። ጫማ፣ ፎጣ፣ ጭቃው የደረቀበት ስፓይክ (ባለ ሹል የውድድር ጫማ)፣ ከሎከሩ ላይ የተላጠ ስሙ። ማንም ምንም አልተናገረም። እናቱ ስፓይኩን አውጥታ ሲንኩ ላይ በጥርስ ብሩሽ ታጥብ ጀመር። «ማሚ ተይው፣ አልፈልገውም» አላት። አልሰማችውም፤ አጥባ ስትጨርስ በረንዳ ላይ አሰጣችው።

ዳኛዋ እንደኔ ልጅ ያሉት ጉዳይ ሳይስተካከል አላጸድቅም ብለው ስምምነቱን አዘግይተውት ነበር። በመጨረሻ የተቀነሱት ልጆች በልዩ ዝርዝር እንዲመዘገቡና ከገደቡ ውጪ እንዲቆጠሩ ተደረገ። የልጄም ስም ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ሆኖም ትምህርት ቤቱ መልሶ የመውሰድ ግዴታ የለበትም። ስልክ ጠበቅን፤ አልተደወለም።

ያዳነን አንድ ነገር ነው። ትምህርት ቤቱን ስንመርጥ ልጁ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ስለሚፈልግና በፋፍሳ (የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) በኩል ያገኘው እርዳታ ከሌሎቹ ስለተሻለ ነበር። ሩጫው ሲቀር ትምህርቱም እርዳታውም ባለበት ቀጠለ። ከእሱ ጋር የተቀነሰ ጓደኛው ግን ለቡድኑ ብሎ ከሩቅ ስቴት የመጣ ነው። የስቴቱ ነዋሪ ስላልሆነ ውዱን ክፍያ ይከፍል ነበር፤ ሌላ ትምህርት ቤት ሲገባ ብዙ ክሬዲት ጠፋበት።

ትራንስፈር ፖርታሉንም፣ ስፖርተኞች ትምህርት ቤት ለመቀየር የሚመዘገቡበትን፣ አትርሺ። ከ2024 ወዲህ ትምህርቱን በደንብ የያዘ ስፖርተኛ ያለ ቅጣት ደጋግሞ መቀየር ይችላል። ስለዚህ ኮቹ አስራ ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ ሦስት ዓመት እስኪበስልለት ከሚጠብቅ፣ ሌላ ቦታ የበሰለ የሃያ ሁለት ዓመት ሯጭ ያመጣል። በርቀት ሩጫ ላይ ደግሞ የኬንያ ልጆች በብዛት እየመጡ ነው፤ ጎበዞች ናቸው። ልጅሽ የሚወዳደረው ከእኩዮቹ ጋር ብቻ እንዳይመስልሽ።

ስለ ኤንአይኤል ከጠየቅሽኝ፣ ልጄ አንድ ጊዜ አግኝቷል። የሰፈራችን የሀበሻ ምግብ ቤት ኢንስታግራም ላይ ሁለት ፎቶ እንዲለጥፍ 300 ዶላር ሰጠው፤ ምሳም አበላው። በጣም ተደሰተ፣ እኔም ኮራሁ። ለአብዛኛው ሯጭ ኤንአይኤል ማለት ይሄን ያህል ነው። የዓመቱ የተጣራ ገቢ 400 ዶላር ከደረሰ ግን ልጁ ታክስ ማስገባት አለበት። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ከሌላችሁና በተማሪ ቪዛ ከሆነ ደግሞ አንድ ዶላር ከመቀበሉ በፊት የትምህርት ቤቱን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ያነጋግር። የቪዛ ነገር ቀልድ አይደለም።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው ላስፈራሽ አይደለም። ያሬድ ንጉሤን ተመልከቺ። ከኢትዮጵያ የመጡ ወላጆች ልጅ ነው፤ ኬንታኪ ተወልዶ፣ ኖተርዳም ተምሮ፣ በ2019 በ1500 ሜትር የኤንሲኤኤ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2024 ፓሪስ ላይ በ3:27.80 ነሐስ ወሰደ። መንገዱ አለ። እንደ ሀርቫርድ ያሉት የአይቪ ሊግ ትምህርት ቤቶችም አሉ። የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም፣ ስምምነቱንም አልተቀበሉም፤ የሚረዱት የቤተሰቡን አቅም አይተው ነው። የሀርቫርዱ ግርሃም ብላንክስ እዚያ ሆኖ በ2023 እና በ2024 የሀገሪቱን የክሮስ ካንትሪ ሻምፒዮና አሸንፏል። ሦስተኛው ደረጃ ዲቪዥን ስሪም እንዲሁ የስፖርት ስኮላርሺፕ የለውም፤ ግን አራት ዓመት ሙሉ መሮጥ ይቻላል። የልጅሽ ማርክ ጥሩ ከሆነ እነዚህን በቁም ነገር እዪ። ብዙ ወገኖቻችን «ዲቪዥን ዋን» የሚለውን ስም ሰምተን ሌላውን እንንቃለን፤ እኔም ንቄ ነበር።

ኮቹ ሲደውል ልጁ ራሱ ይጠይቅ፣ አንቺ አጠገቡ ሁኚ። ትምህርት ቤቱ ስምምነቱን ተቀብሏል ወይ? የወንዶች ቡድኑ ስንት ሰው ይይዛል? ከእነሱ ስንቱ ይመለሳል? ልጄ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሮስተሩ ውስጥ ይገባል ወይስ ይጠብቃል? ቢጎዳስ? የተባለው ገንዘብ ለአንድ ዓመት ነው ለአራት? መልሱን ሁሉ በኢሜይል ላክልን በሉት። «እንተያያለን»ን እንደ ቃል ኪዳን አትቁጠሩት። የስፖርቱን ብር ቀንሳችሁ የቀረውን ክፍያ ቤተሰቡ ይችለዋል ወይ ብላችሁ ቁጭ ብላችሁ አስሉ።

ልጄ አሁን ሲመቸው ከዩኒቨርሲቲው የሩጫ ክለብ ጋር ይሮጣል፤ ያን ስፓይክ ከረጅም ጊዜ በኋላ አድርጎት አየሁ። ጥያቄሽን አንብቤለት «ወረቀት ሲመጣላቸው ከመፈረማቸው በፊት እኔም ልየው» አለኝ። በውስጥ መስመር ላኪልን፤ አብረን እናነበዋለን።