ወደ ጽሑፍ አውደ ጥናት ለምትሄዱ ልጆች

ውድ ወጣቶች፣

አንዳንዶቻችሁ የአንድ ቀን የፈጠራ ጽሑፍ አውደ ጥናት ልትካፈሉ ነው። «ምን ይዘን እንሂድ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ብዙውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የሰው ረቂቅ በማረም ስለሆነ ጥያቄውን ስሰማ ከልቤ ደስ አለኝ።

ያማረላችሁን ጽሑፍ ቤት ተዉት። ጓደኞቻችሁ ቴሌግራም ላይ «ምርጥ ነው» ያሏችሁን ማለቴ ነው። እሱን ይዞ የሚሄድ ሰው ጭብጨባ ፈልጎ ነው። እናንተ እምቢ ያላችሁን ያዙ። የሆነ ቦታ ላይ ቆሞ አልሄድ ያለ፣ አንድ ገጽ ተኩል የማይሞላ ታሪክ ይበቃል። በስልክ ሳይሆን በወረቀት ይሁን። መስመሩን አራርቁት፤ ሌላ ሰው በእስክሪብቶ የሚጽፍበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ተሰብስቦ ጽሑፍ መተራረም ከፈረንጅ የመጣ ነገር የሚመስላቸው አሉ። እኔ አይመስለኝም። የቅኔ ቤት ተማሪ እኮ ከሰው ገለል ብሎ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም በሐሳቡ ሲደርስ ይውላል። ከዚያ የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርብና ይነግራል። የኔታ ይሰማሉ። ቤቱ ማለትም ስንኙ ከጎደለ፣ ምሥጢሩ ካልገባ ያርሙታል። ተማሪው በነጋታው ሌላ ይዞ ይመጣል። የቅኔ ትምህርት ቦታዎቹ ዋሸራም፣ ጎንጅም፣ ዋድላም ስማቸው የተጠራው እንዲህ ባፈሯቸው ሊቃውንት ነው። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሀዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ በዚህ ትምህርት አልፈዋል። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን ቅደም ተከተሉን ነው። ጀማሪው የሚነሳው ጉባኤ ቃና ከሚባለው አጭር ቅኔ ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። የእኛ ልጆች ብዙ ጊዜ በመወድስ ይጀምራሉ። የመጀመሪያ ሥራቸው አራት መቶ ገጽ ልቦለድ ይሆናል፣ መሃል ላይ ይደክማሉ፣ ከዚያ «እኔ ደራሲ አይደለሁም» ብለው ይተዉታል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ችሎታ ሳያንሳቸው ነው የቀሩት።

ተራችሁ ሲደርስ ጽሑፋችሁን ራሳችሁ አታንብቡት። አጠገባችሁ ያለው ሰው ያንብብላችሁ። ራሳችሁ ስታነቡ የጎደለውን በድምፃችሁ ትሞሉታላችሁ። ሌላ ሰው ግን ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያገኘው። የት ጋ እንደተደናቀፈ፣ የት ጋ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳነበበ ምልክት አድርጉ። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ዓረፍተ ነገሩ በረዘመ ቁጥር አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ትንፋሹ ያልቅበታል። አምስት ዓረፍተ ነገር ተከታትሎ በ«ነበር» ሲዘጋም ዓይን ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ጆሮ ግን ይይዘዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ስንቱ ሰው ግን ያወቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው! ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ሳይቀሩ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ዘመድ አወቋቸው። ወጋየሁ ትልቅ ተዋናይ ነበር። ቢሆንም ጽሑፉ ራሱ ያንን ሁሉ ሰዓት ድምፅ ባይሸከም ኖሮ እሱም አያድነውም ነበር።

አስተያየት ሲሰጣችሁ ዝም በሉ። ይህ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። «እኔ ለማለት የፈለግኩት እኮ...» የሚለው ነገር ምላሳችሁ ጫፍ ላይ ይመጣል። አትናገሩት። መጽሐፋችሁን ከገዛው ሰው ጋር ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ አታስረዱትም። ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ግራ ከተጋባ ቦታው ችግር አለበት። አንዱ ብቻ «እኔ ብሆን መጨረሻው ላይ አጋባቸው ነበር» ቢላችሁ አመስግናችሁ እለፉት፤ እሱ የራሱን ታሪክ ነው የሚፈልገው።

በብዙ ረቂቅ ላይ ያየሁትን አንድ ነገር ላንሳ። እናቷ የሞተችባት ልጅ አለች እንበል። ጀማሪው «እጅግ በጣም አዘነች፣ ልቧ ተሰበረ፣ እንባዋ እንደ ጎርፍ ፈሰሰ» ብሎ ይጽፋል። ይህ ስለ ማንኛዋም ሴት ሊጻፍ ይችላል፤ ስለዚህ ስለ ማንም አይደለም። አሁን ይህን ሞክሩት። ልጅቷ በርበሬ አልቆባት ከሱቅ ትገዛለች። እናቷ የላከችላት በርበሬ ግን ፌስታሉ እንደታሰረ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ማዘኗን የሚናገር አንድም ቃል የለም። ግን ልጅቷ አለች፣ ቤቷ አለ፣ እናትየውም አለች። እንዲህ ያለውን ነገር ለማግኘት ትልቅ ፍልስፍና አያስፈልግም። ልጅቷ በዚያ ሳምንት ምን እንደበላች፣ የትኛውን ዕቃ መንካት እንዳቃታት ቁጭ ብሎ ማሰብ ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ሥራው ግን እሱ ነው።

ንግግርም እንደዚሁ። የታክሲ ረዳቱም፣ አያትየውም፣ የባንክ ሠራተኛዋም እንደ ዜና አንባቢ ከተናገሩ ስማቸውን ብቻ ነው የሰጣችኋቸው። ታክሲ ውስጥ ጆሯችሁ ላይ የሰካችሁትን አውልቁና ስሙ።

«መቼ ላሳትም?» የሚል ሁልጊዜ አይጠፋም። እኛ አገር የማተሚያውን ወጪ ብዙ ጊዜ ደራሲው ራሱ ነው የሚችለው። የወረቀት ዋጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ያንን ሁሉ ብር ላልታረመ ረቂቅ አታውጡ። መጀመሪያ አጭር ልቦለዳችሁን ለጋዜጣና ለመጽሔት ላኩ።

ሥልጠናው ባለቀበት ማታ ያቺን አንድ ገጽ ተኩል እንደገና ጻፏት። በነጋታው አስተያየቱ ይደበዝዛል። ለምሳ ስትወጡም ታዋቂውን ደራሲ ለፎቶ ከመክበብ የማታውቁት ልጅ አጠገብ ተቀመጡ። ሦስት አራት ሆናችሁ ስልክ ተለዋወጡ። በወር አንድ ቀን ለመገናኘት ቀጠሮ ያዙ፤ የአንዳችሁ ቤት ወይም ጫጫታ የሌለበት ሻይ ቤት ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ እዚያው ተነጋግራችሁ ተለያዩ።