ሊኑክስ ለዓይነ ስውር ተማሪ ይሆናል ወይ? ከአራት ወር ሙከራ በኋላ የምሰጠው መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ ደግሜ አዳመጥኩት። ወንድምሽ ዘንድሮ ስድስት ኪሎ ሊገባ ነው። ያለው 4 ጊጋባይት ራም ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። የሚጠቀምበት ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም፣ የሚከፈልበት ሆኖ ፈቃድ ስለሌለው በየ40 ደቂቃው ዝም ስለሚል፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሳት ግድ ሆኖበታል። አንድ ጎረቤታችሁ «ሊኑክስ ጫኚለት፤ ነጻ ነው፤ ይናገራልም» አለሽ። አንቺም የሞከረ ሰው ካለ ይንገረኝ ብለሻል። እኔ ሞክሬዋለሁ። ዓይነ ስውር ነኝ፤ አራት ኪሎ አካባቢ በትርጉም ሥራ እተዳደራለሁ። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ብዙ ዓይነትም አለው። አራት ወር ሙሉ የዕለት ሥራዬን ዴቢያን በሚባለው ሊኑክስ ላይ ሠርቻለሁ።

አስቀድሜ የሚያስቸኩለውን ልንገርሽ። ከዚያ የ40 ደቂቃ ጣጣ ለመገላገል ሊኑክስ መጫን አያስፈልግም። ኤንቪዲኤ የሚባለው የዊንዶውስ ስክሪን ሪደር ያለ ክፍያ የሚገኝ፣ ምንጩም ክፍት የሆነ (ኮዱን ማንም አይቶ ሊያሻሽለው የሚችል) ነው። ማይክል ከረን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀመረው፤ ጄምስ ቴህ የተባለ ሌላ ዓይነ ስውር ጓደኛው ደግሞ አብሮት አሳደገው። ዛሬ ማታ አውርደሽ ጫኚለት። ወንድምሽ ነገ ትምህርት ቢጀምር ችግር የለበትም። ሊኑክስ ይሁንለት አይሁንለት የሚለውን ከዚያ በኋላ ተረጋግታችሁ ብታዩት ይሻላል።

አሁን ወደ ሙከራው። ብዙ ሰው «ይናገራል ወይ?» ብሎ ይጠይቅና አዎ ሲባል ጉዳዩን ዘግቶ ይሄዳል። እኔ ማወቅ የፈለግኩት ድምፁ ሲጠፋ ዓይናማ ሳልጠራ ራሴ መመለስ እንደምችል ነበር። ለሃያ ዓመት ያህል ኮምፒውተሬ ዝም ባለ ቁጥር የሰው በር አንኳኩቻለሁ። በሩን የሚከፍተው ሰው ደግ ነው፤ ነገር ግን እራት ላይ ይሆናል፣ ወይም ልጁ ታሞበት ይሆናል። ሥራዬ በሌላ ሰው ምሽት ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

የጫንኩት አንድ ማክሰኞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ብቻዬን ነው። የዴቢያን መጫኛ ያለበትን ፍላሽ ሰክቼ ላፕቶፑን አስነሳሁትና ጆሮዬን አስጠጋሁ። ጢጥ አለ። ይህች ድምፅ የመጫኛው ዝርዝር መከፈቱን የምታበስር ናት። ኤስ የምትባለዋን ፊደል ተጭኜ ኤንተርን መታሁ። ጥቂት ቆይቶ የብረት የሚመስል ድምፅ በእንግሊዝኛ መናገር ጀመረ። ቋንቋ፣ ሰዓት፣ የይለፍ ቃል፣ የዲስኩ አከፋፈል፣ ሁሉንም በቁጥር እያስመረጠ አነበበልኝ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከባዶ ራሴ ጫንኩ። ተጭኖ ሲያበቃና ሲነሳ ኦርካ የሚባለው የሊኑክስ ስክሪን ሪደር የመግቢያው ገጽ ላይ እየተናገረ ጠበቀኝ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዓይናማ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ላይገባው ይችላል፤ ወንድምሽ ግን ይገባዋል።

ኦርካ ከኤንቪዲኤ ለመጣ ሰው ባዕድ አይደለም። ኢንሰርት ዋና ቁልፉ ነው፤ ድረ ገጽ ላይ ኤች ከርዕስ ወደ ርዕስ ያዘልላል። ፋየርፎክስ ላይ ጥሩ ነው። ሊብሬ ኦፊስ ላይ አጭር ሰነድ ሲሆን ደህና ይሄዳል፤ መቶ ገጽ ያለፈ ትርጉም ስከፍት ግን ቀስት በተጫንኩ ቁጥር እየዘገየ ትዕግስቴን ፈትኖታል። ለመመረቂያ ጽሑፍ አልመክረውም።

ዋናው ፈተና የመጣው በሁለተኛው ወር፣ አንድ እሑድ ማለዳ ነው። ከዋዜማው ማሻሻያ ጭኜ ነበር። ሳስነሳው ዝም። ድምፅ ማጉያው ሞቶ ይሁን ኦርካ ወድቆ መለየት አልቻልኩም። ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ 3ን አንድ ላይ ተጫንኩ። ይህ ከሥዕላዊው ገጽ ወጥቶ ወደ ጽሑፍ ብቻ ወዳለው ገጽ ያሻግራል፤ እዚያ ደግሞ ስፒክአፕ የሚባል ሌላ አንባቢ አለ። እሱ ተናገረ። እንግዲያው ድምፅ ማጉያው ደህና ነው፤ የወደቀው ኦርካ ነው ማለት ነው። ስሜንና የይለፍ ቃሌን አስገብቼ፣ ሥዕላዊውን ገጽ እንደ አዲስ የሚያስነሳውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ኦርካ ተመለሰ። ከሥላሴ የቅዳሴው ድምፅ ገና ይሰማ ነበር፤ የማንንም በር አላንኳኳሁም። በዊንዶውስ ላይ እንዲህ ያለ ሁለተኛ በር አላገኘሁም፤ ሊኑክስን የምወደውም በዚህ ነው።

ስለ አማርኛ ብዙ የሚነገረው ስህተት ስለሆነ በደንብ ልግለጸው። ኦርካም ኤንቪዲኤም አማርኛን የሚያነቡት ኢስፒክ ኤንጂ በሚባል፣ ጽሑፍን ወደ ንግግር በሚቀይር በአንድ የድምፅ ሞተር ነው። ስለዚህ «ሊኑክስ አማርኛ አይችልም» ወይም «ሊኑክስ ይሻላል» የሚለው ክርክር ባዶ ነው። ችግሩ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አለማመልከቱ ነው። «አስተማሪው አለ» የሚል መልእክት ደርሶኝ፣ አስተማሪው ተናገረ ማለት ይሁን ክፍል ውስጥ አለ ማለት ይሁን ከድምፁ መለየት አቅቶኛል። «ገና» በዓሉም ሊሆን ይችላል፣ ጊዜው አልደረሰም ማለትም። ሰው ከዐውዱ ይለያል፤ ሞተሩ አይለይም። ወንድምሽ ሲጠራጠር ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ይስማ፤ ጆሮ በሳምንታት ውስጥ ይለምዳል።

የባሰው ከዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለያ፣ በፊት በነበሩ ፊደላት የተጻፈ የመማሪያ ጽሑፍ ነው። ለዓይናማ «ትምህርት» ሆኖ ይታያል፤ ከሥሩ ያለው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ስለሆነ ስክሪን ሪደሩ ትርጉም የሌለው ጩኸት ያወጣል። ይህን ኦፐሬቲንግ ሲስተም በመቀየር አትፈቺውም። መምህራኑን በዩኒኮድ የተጻፈውን እንዲልኩለት ከመጀመሪያው ሳምንት ጠይቂ። በስካነር ለተነሳ ገጽ፣ ከምስል ላይ ፊደል ለቅሞ ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ቴሰራክት የሚባለው ክፍት ምንጭ ፕሮግራም አማርኛ ያውቃል። ጥርት ያለ ኅትመት ላይ ጠቅሞኛል፤ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ላይ ግን ምንም አልሠራልኝም።

«ለዓይነ ስውራን ብቻ የተሠራ ሊኑክስ» ከሚሉሽ ተጠንቀቂ። ቪኑክስ የሚባል እንግሊዝ አገር የተጀመረ፣ ብዙዎቻችን የወደድነው ነበር፤ ዛሬ የለም። የጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ የቆመ ነገር እነሱ ሲደክሙ ይቆማል፤ ተጠቃሚው ሜዳ ላይ ይቀራል። እንደ ዴቢያን ያለ ትልቅ ቤት ውስጥ ተደራሽነቱ ከመጫኛው ጀምሮ አብሮ የተሠራውን ምረጪ። ለዚያ ላፕቶፕ ማቴ የሚባለው ቀለል ያለ ገጽታ ይበቃዋል፤ እኔም የተጠቀምኩት እሱን ነው።

የእኔ ምክር እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያውን ዓመት በዊንዶውስና በኤንቪዲኤ ይማር። የክረምት ዕረፍት ሲደርስ፣ ሰነዶቹን ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ፣ ሊኑክስን ይጫን። ራሱ ይጫን። አንቺ አጠገቡ ተቀመጪ እንጂ ኪቦርዱን አትንኪ፤ «ቆይ እኔ ልየው» የምትለዋን ቃል ዋጪያት። ከተጫነ በኋላ ኦርካን ሆን ብሎ ያጥፋና ራሱ መልሶ ያስነሳው፤ ይህን ሦስት ጊዜ ሳይደናገጥ ካደረገ የዕለት ሥራውን ሊያዛውር ይችላል። ካቃተው ኤንቪዲኤ ላይ ይቆይ፤ ምንም አይጎድልበትም።

የጆሮ ማዳመጫው ባለ ገመድ ይሁን። በብሉቱዝ የሚሠራው በመጫኑ ጊዜ አይሰማም፤ እኔ በመጀመሪያው ሙከራ ሰዓት ሙሉ ያባከንኩት በዚህ ነው።